ከመቃ እስከ ፓርከር

በዘመሮ አካባቢም ሆነ በሌላው መንዝ የብራና መጻሕፍት የሚጻፉት በመቃ ብዕር ነበር። ቁም ጸሐፊው መቃውን በሰንጢ ይቀርጻል፤ ጫፉንም ይሰነጥቃል። አንዱ ብዕር ለጥቁር ቀለም፣ ሌላው የቅዱሳን ስም ለሚጻፍበት ቀይ።

ያው ስንጥቅ በፋውንቴን ብዕር ጫፍ ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 ሉዊስ ዋተርማን በስሙ ያስመዘገበው ዘዴ ቀለሙ ሲወርድ አየር በልኩ እንዲገባ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ገበያ የወጣው ፓርከር 51 ደግሞ ዛሬም ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ብዕር ነው።

አሮጌ ብዕር ያገኘ ሰው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠበው፤ ሙቅ ውኃ አካሉን ሊያጣምም ይችላል። የቁም ጸሐፊውን ቀለም ግን አይሙላበት! በጥቁሩ ቀለም ውስጥ ያለው ጥላሸት ሲደርቅ የቀለሙን መውረጃ ይደፍነዋል።