የአስፋልት ዱር

በጎጃም ደጋ «ዱር ገባ» የሚለው ቃል ፍቺ አያሻውም፤ ደም አፍስሶ ወይም በርስቱ ተበድሎ፣ የሚፈርድለት ዳኛ ያጣ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ከመንደር ሥርዓት ወጥቶ ከአራዊት ጋር የሚያድር ሆነ ማለት ነውና። ስለዚህ አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም በርኔት እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመውን ዝነኛ የዘረፋ ልብ ወለድ አርእስት ወደ ቋንቋችን ልመልስ ብዬ ሳሰላስል፣ «የአስፋልት ጫካ» ከማለት «የአስፋልት ዱር» ማለት የቀና ሆኖ ታየኝ፤ በዚያ መጽሐፍ ሽፍታው ከሰው ሸሽቶ የሚገባበት ዱር ከተማው ራሱ ነውና።

መጽሐፉ ፈረንሳዮች «ኗር»፣ ማለትም «ጥቁር» ከሚሉት የወንጀል ድርሰት ወገን ነው፤ ይህንንም ስም በይበልጥ ያገነነው በፓሪስ ጋሊማር የተባለው አሳታሚ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ያወጣው ተከታታይ መጽሐፍ ነው። በሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ ወንጀሉ ምስጢር፣ መርማሪውም ምስጢሩን የሚፈታ ሊቅ ሲሆን፣ በጥቁሩ ድርሰት ግን አንባቢ ሌባውን ገና ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ ከእርሱም ጋር ማዕድ ይቀርባል፤ ሲያቅድ ይሰማል፤ ጥፋቱም ሲመጣ አስቀድሞ እያየው ሊያስጠነቅቀው አይችልም። በርኔት ይህን ዓለም በወሬ ብቻ አላወቀውም፤ ከኦሃዮ ወደ ቺካጎ በሄደ ጊዜ በአንድ ሆቴል የሌሊት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ፣ በቀን የማይታዩትን ሰዎች በሌሊት አይቷቸዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። «ዶክ» የሚባል አእምሮው የሰላ አዛውንት ከወኅኒ ሲወጣ ለአንድ ታላቅ የጌጣጌጥ መደብር ዘረፋ ያዘጋጀውን ዕቅድ ይዞ ይወጣል፤ ለሥራውም ካዝና የሚሰብር ባለሙያ፣ መኪና የሚነዳ ሰውና አንድ ጉልበተኛ ይፈልጋል፤ የተሰረቀውን ንብረት እገዛለሁ ብሎ የሚዋዋለውም በከተማው የተከበረ፣ በውስጡ ግን ዕዳ የበላው ጠበቃ ነው። ዕቅዱ እንከን የለበትም ማለት ይቻላል። የሚያፈርሰውም ከፖሊስ ብልኃት ይልቅ የየሰዉ ምኞት ነው፤ ጠበቃው በስስት ጓደኞቹን ሊከዳ ያስባል፤ ከአንድ ዘበኛ እጅ የወደቀ ሽጉጥ በራሱ ተኩሶ ካዝና ሰባሪውን ያቆስላል፤ ሁሉን አስቀድሞ ያሰላው ዶክ ደግሞ ሊያመልጥ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ልጃገረድ ስትጨፍር ለመመልከት በዘገየባት አጭር ጊዜ ይያዛል። አባቶቻችን ፍትወት የጥበበኛን ዓይን ትጋርዳለች ሲሉ በኖሩት አገር ያደገ ሰው ይህን ገጽ ያለ ድንጋጤ አያልፈውም።

የእኛም አገር ስለ ስርቆት የተጻፈ ልብ ወለድ አላት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው «አፈርሳታ» በተባለው መጽሐፍ፣ በጉራጌ ምድር የአንድ ሰው ጎጆ በሌሊት ተቃጥሎ ገንዘቡ ይሰረቅበታል፤ የአገሩም ሰው ሁሉ ጥፋተኛውን ለማውጣት ሸንጎ ይቀመጣል። እኛ ይህንኑ ሥርዓት «አውጫጭኝ» እንለዋለን፦ ባላገሩ በሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ስሙ እንዳይገለጥ የሚፈራ ምስክር ደግሞ ቃሉ «ወፍ ነገረችኝ» ተብሎ ይተላለፍለታል። ሌባው ካልታወቀ ዕዳውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍል ነበር። በሣህለ ሥላሴ መጽሐፍ ሸንጎው ደጋግሞ ቢቀመጥም ሌባው አይወጣም፤ ቢሆንም «ከመካከላችን ማን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚጠያየቅ ጎረቤት አለና። በበርኔት ከተማ ግን ሰው ከሰው በግድግዳ ተለያይቶ ስለሚኖር፣ ይህን ጥያቄ የሚያነሣም ሆነ የሚመልስ የለም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ዲክስ የተባለው ጉልበተኛው ነው። ዲክስ የገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገበት እርሻና የአባቱ ፈረሶች ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥተዋል፤ የሚዘርፈውም ያንን መሬት መልሶ እገዛለሁ እያለ ነው፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ በፈረስ እሽቅድምድም ቁማር ያጠፋዋል። የከተማ አንባቢ ይህን የወንበዴ ሕልም ብሎ ያልፈው ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በመጣ ጊዜ፣ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው የቢቸና፣ የሞጣና የደጋ ዳሞት ገበሬዎች መሣሪያ ማንሣታቸውን ከአባቶቹ የሰማ የጎጃም ሰው ግን የዲክስን ልብ አስተርጓሚ ሳይሻ ያውቀዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከእኛ ዱር መመለሻ መንገድ ነበረው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ካህኑ መስቀል ይዞ፣ የደም ካሣ ተከፍሎ ሽፍታው በዕርቅ ይገባ ነበር። ለዲክስ የሚላክ ሽማግሌ የለም።

ጆን ሂውስተን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ፊልም ሲመልሰው፣ ያን ጊዜ ብዙ ያልታወቀችው ማሪሊን ሞንሮ በአነስተኛ ክፍል ታይታበታለች፤ እኔ ግን የማልረሳው መጨረሻውን ነው። ዲክስ በጥይት ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ፣ የምትወደው ሴት አብራው ተቀምጣ፣ ሌሊቱን መኪና እየነዳ ወደ ልጅነቱ አገር ይሄዳል፤ እንደ ደረሰም አጥሩን አልፎ፣ የእርሱ ባልሆነው መስክ እየተንገዳገደ ጥቂት ከተራመደ በኋላ በሣሩ ላይ ይወድቃል። በመስኩ የሚግጡትም ፈረሶች ቀርበው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያሸቱታል።