ካርቦንን ከካርቦን የሚያገናኘው ፓላዲየም



ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስንማር ብዙዎቻችን ሪአክሽኖችን ለፈተና ሸምድደን እንረሳቸዋለን። የሱዙኪ ሪአክሽን ግን ቢገባን ይጠቅመናል። ሎሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በፋብሪካ ከተመረተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። በመድኃኒቱ ውስጥ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶች (ከመኪናው ቤንዚን ጋር እንዳይምታታ) ጎን ለጎን ተያይዘዋል። እንዴት ተያያዙ?

ቀድሞ የነበረው የግሪኛርድ ሪኤጀንት ካርቦንን ከካርቦን ያገናኛል፤ ነገር ግን ውሃ ከነካው ይበላሻል፣ ሞለኪዩሉ ላይ ያለውን ካርቦኒልም ሳይፈለግ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 አኪራ ሱዙኪና ኖሪዮ ሚያውራ በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ አንዱን ካርቦን ከቦሮን ጋር፣ ሌላውን ከብሮሚን ጋር አስይዞ በፓላዲየም ማገናኘት። ይህኛው ውሃም ካርቦኒልም ቢኖር ይሠራል።

ሂደቱ ሦስት ደረጃ አለው።

1. ፓላዲየሙ በካርቦንና በብሮሚን መካከል ይገባል፤ ኦክሲዴሽን ቁጥሩም ከ0 ወደ +2 ያድጋል።
2. በቤዝ እርዳታ ቦሮን የያዘውን ካርቦን ለፓላዲየሙ ያስረክባል፤ ብሮሚኑ ይለቃል።
3. አሁን ሁለቱ ካርቦኖች አንድ ፓላዲየም ላይ ጎረቤት ሆነዋል። እርስ በርስ ተሳስረው ይወጣሉ፤ ፓላዲየሙም ወደ 0 ይመለሳል።

እንግዲህ ፓላዲየም እንደ ጥሩ አገናኝ ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ ወደ ሌላ ጥንድ ይሄዳል። ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ደረጃዎቹን ያወቀ ጥያቄውን ይመልሳል። ቤዝ ከሌለ ሪአክሽኑ ለምን ይቆማል? ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለሚቀር። በብሮሚን ፈንታ ክሎሪን ብንጠቀም ለምን ይዘገያል? የካርቦንና የክሎሪን ትስስር ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ይከብዳል።

ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሥራው እዚህ ላይ አያበቃም። ፓላዲየም ውድ ነው፤ ኪኒን ውስጥም መቅረት የለበትም። ዓለም አቀፉ የመድኃኒት መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የፈቀደው በቀን እስከ 100 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱን በአክቲቬትድ ካርቦንና በመሰል መንገዶች ማጣራት፣ መልሶም መጠቀም የፋብሪካው ኢንጂነር ኃላፊነት ነው።

ሱዙኪ ከሪቻርድ ሄክና ከኤኢቺ ኔጊሺ ጋር በ2010 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የሦስቱም ሪአክሽኖች በፓላዲየም የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን በደንብ የተረዳ ሌሎቹ አይከብዱትም።