«ረን» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ፍቺዎችና የተርጓሚው ፈተና

ከዓመታት በፊት በትርጉም ትምህርት ፈተና ላይ ከቀረቡት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ሁለቱ «ረን» የሚለውን ግስ የያዙ ነበሩ። በአንደኛው አንድ ሰው ለ20 ዓመት ወፍጮ ቤት አስተዳደረ ይላል፤ አንድ ተማሪ «ለ20 ዓመት ወፍጮ ቤት ሮጠ» ሲል ተረጎመው። በሁለተኛው ወንዝ በመንደር መካከል ያልፋል፤ አንዲት ተማሪ «ወንዙ በመንደሩ መካከል ይሮጣል» ብላ ጻፈች። ሁለቱንም ሠረዝሁ። ተማሪዋ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ «መምህር፣ ወንዝ ቢሮጥ ምን ነውር አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። «እንግሊዝኛው ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ አማርኛ ግን አይቀበለውም» ብዬ አሰናበትኋት። መልሱ ስሕተት ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ዕዳ ነው።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ ለመመርመር ዘጠኝ ወር ያህል እንደወሰደበትና 645 ፍቺዎች እንደተለዩለት እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን 645 የማይገናኙ ነገሮች አሉ ማለት አይደለም። ጉዳዩ የድምፀ ሞክሼነት ሳይሆን የብዝኃ ፍች ነው፤ ፍቺዎቹ በዝምድና የተሳሰሩ ናቸው።

ዝምድናውን ለማየት ወደ ቃሉ ታሪክ መመለስ ያሻል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ግስ አባት የሆነው ቃል የሰውን ሩጫም የውሃን ፍሰትም ይገልጽ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ ዛሬም በሁለት ተዛማጅ ግሶች ይጠቀማል፤ «ሪነን» መፍሰስ፣ «ሬነን» መሮጥ ነው። እንግዲህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወንዝን «ረን» ማለት ከሰው እግር የተዋሰ ዘይቤ አይደለም፤ ከቃሉ የቆዩ እማሬያዊ ፍቺዎች አንዱ ነው። የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ቁም ነገር የግሱን እርባታ ይመለከታል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለራሱ ለሚሮጠውና ሌላውን ለሚያስሮጠው የተለያዩ ግሶች ነበሩት። በጊዜ ሂደት ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ቅርጽ ብቻ ቀረ። በእኛ ቋንቋ ሮጠና አስሮጠ፣ ሄደና አስኬደ፣ ሠራና አሠራ በቅጥያ ይለያሉ። እንግሊዝኛው ግን ልዩነቱን ለተሳቢው ትቶታል። ፈረስ፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ ወይም ወፍጮ ቤት ተሳቢ ሆኖ ሲመጣ ግሱ «አስኬደ፣ አንቀሳቀሰ፣ አስተዳደረ» ማለት ይሆናል። ወፍጮ ቤቱን ያስሮጠው ተማሪያችን የሳተው ይህንኑ ነው፤ ተሳቢውን ሳያይ ግሱን ብቻ ተረጎመ።

ታዲያ ሁሉንም የሚያገናኘው ምንድን ነው? በእኔ ግምት ሳይቋረጥ መቀጠል ነው። ሞተር ሲሠራ፣ አውቶቡስ በመስመሩ ሲመላለስ፣ ውል ሲጸና፣ የልብስ ቀለም ሲለቅ፣ የጉንፋን ንፍጥ ሲዝረበረብ እንግሊዝኛው በዚሁ ቃል ይጠቀማል። የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» የተሰኘው ቴአትር በለንደን እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት እስከተቋረጠበት እስከ 2020 ድረስ መታየቱም የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ሩጫ በአመዛኙ እግር ወይም ፈቃድ ላለው ነገር የተጠበቀ ነው። «ለጥቅሙ ይሮጣል»፣ «የኑሮ ሩጫ» ስንል እንኳ ከበስተኋላው የሚጣደፍ ሰው ይታየናል።

እንግሊዝኛም ቢሆን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ለምርጫ የሚወዳደር አሜሪካዊ «ይሮጣል»፤ እንግሊዛዊው በአንጻሩ «ይቆማል»። የተቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ግሶች በአማርኛ «ተወዳደረ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቃለላሉ።

ለተማሪዎቼ የምመክረው አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ በዐውዱ ውስጥ የቃሉን ተቃራኒ ጠይቁ። የወንዙ ተቃራኒ ደረቀ፣ የሞተሩ ቆመ፣ የቴአትሩ ከመድረክ ወረደ፣ የተወዳዳሪው ራሱን አገለለ ነው። ተቃራኒው ሲታወቅ ተገቢው የአማርኛ ግስ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያመጣል። ቋንቋችንን የሚማር የውጭ አገር ሰውም እንጨት ቆረጠ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ፣ ለመሄድ ቆረጠ የሚሉትን ሲሰማ በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ልመለስ። በተራ ዝርው ውስጥ «ይፈሳል» ወይም «ያልፋል» ይሻል ስለ ነበር ነጥብ መቀነሴ አይጸጽተኝም። የእንግሊዝኛው ቃል ተራ ሲሆን የአማርኛው «ይሮጣል» በምንጩ የሌለ ሕይወት ይጨምርበታል። ዐውዱ ጎርፍን የሚሥል ግጥም ቢሆን ኖሮ ግን ያ ተጨማሪ ሕይወት ሊፈለግ ይችል ነበር፤ የእሷም ምርጫ ከእኔ እርማት ይበልጥ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ትርጉም የሰዋስው ስሕተት ነው፤ የወንዙ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀይ መስመር ማጥፋቴ ስሕተቱን ከምርጫው አለመለየቴን ያሳያል። የትርጉም መምህር በቅድሚያ ሊለይ የሚገባውም ይህንኑ ይመስለኛል።