ሣጥኑ ውስጥ ያልገባው የዋግ ዘማች

የፋሺስት ጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ሲወር የአውሮፓ ጋዜጦች ወሬ ሁሉ የእኛ አገር ሆነ። ብሪቴንስ የተባለው የለንደን አሻንጉሊት ሠሪም ወሬው ሳይቀዘቅዝ ሁለት ዓይነት የኢትዮጵያ ወታደሮችን በሣጥን አሽጎ ለገበያ አቀረበ። በድርጅቱ ካታሎግ 1424 ቁጥር የተሰጠው የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ነው፤ 1425 የተባለው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ባለ ባዶ እግር የባላገር ተዋጊ። ለተጋጣሚነት የጣሊያን እግረኛም ተሠርቶላቸዋል። የአንዱ ወታደር ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ የልጆች መጫወቻ የነበሩት ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው ቅርሶች ሆነዋል። የእኔ ክርክር እነዚህ አሻንጉሊቶች የኢትዮጵያን ጦርነት ሳይሆን ጦርነቱ ከሩቅ የታየበትን ዓይን የሚመሰክሩ ናቸው የሚል ነው። ከዚያ ዓይን ከተሰወሩት አንዱ በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው የሰቆጣና የዋግ ሰው ነው።

የተሰወረበት ምክንያት ከአሠራሩ ይጀምራል። የጀርመን ሠሪዎች ወታደሮቻቸውን ድፍን አድርገው ያወጡ ነበር። የብሪቴንስ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1893 ሌላ ዘዴ አመጣ። የቀለጠው የእርሳስ ቅይጥ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይፈስሳል፤ ቀዝቃዛውን ብረት የነካው ዳር ዳሩ ወዲያው ይረጋል፤ ሠራተኛው ቅርጽ ማውጫውን ገልብጦ ያልረጋውን መልሶ ያፈስሰዋል። የሚቀረው ልጣጭ የመሰለ ውስጠ ባዶ ወታደር ነው። እርሳስ ስለሚቆጥብ ዋጋው ረከሰ፤ የእንግሊዝ ልጅም የዓለምን ጦር ሁሉ በክፍሉ ወለል ላይ ለማሰለፍ ቻለ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ ደንብ የተጻፈው ለእንደዚህ ዓይነት ወታደሮች ነው። ይሁን እንጂ ማቅለጡ ቢረክስም ቅርጽ ማውጫውን መቅረጽ ብዙ ሙያና ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ለሩቅ አገር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቅርጽ በላይ አይወጣም፤ የቀረው በቀለም ይለያል። መላው የኢትዮጵያ ዘማች በሁለት ቅርጽ ውስጥ እንዲገባ ተፈረደበት፤ አንዱ ፈረንጅ ያሠለጠነው፣ ሌላው ማንም ያላሠለጠነው መስሎ።

ከሁለቱ የመጀመሪያው እውነት አለው። ክብር ዘበኛ በእርግጥ በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ጦር ነበር፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይም ብዙ ሰው ገብሯል። ስህተቱ ያለው በሁለተኛው ነው። ባዶ እግሩም እውነት ነው፤ ሐሰቱ ብቻውን መቆሙ ነው። የዋግ ሰው ሲዘምት የክተት ነጋሪት ተጎስሞ፣ ስንቁን ይዞ፣ በአለቃው ሥር ነው። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ከበላያቸው ደጃዝማቹ፤ ማዕረጎቹ ራሳቸው የሰልፉ ካርታ ናቸው። የዋግ ገዢዎች የነበሩት የዋግሹሞች ቤት ደግሞ የዘር ሐረጉን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥር፣ ከመካከሉ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡበት ነው። ይህን ሁሉ ትውልድ የተሻገረ ሥርዓት አንድ ጠመንጃ ያነገተ እግረኛ ሊያሳይ አይችልም።

አሻንጉሊት ከሥርዓት በላይ የሚሰውረውም አለ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ይህ ጣሊያን ራሷ የፈረመችበት የ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት የከለከለው መሣሪያ ነው። የዋግ ሕምራ ሰው ተከዜን የሚያውቀው የአገሩ ወሰን፣ የከብቱም ውኃ አድርጎ ነው። ብሪቴንስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጋዝ ጭንብል ያጠለቁ የእንግሊዝ ወታደሮችን ሠርቶ ሸጠ። ጭንብል የለበሰ ኢትዮጵያዊ ግን በዚያ ካታሎግ አልታየም፤ ዘማቹም በሜዳው ላይ ጭንብል አልነበረውምና። አሻንጉሊት ሠሪዎቹ ሳያስቡት እውነቱን የተናገሩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሻንጉሊት አሻንጉሊት ነው፣ ከልጅ መጫወቻ ታሪክ አይጠየቅም የሚል ሰው ይኖራል። ታሪክ ጸሐፊ ሁን ብሎ መጫወቻን መውቀስ በእርግጥ አይገባም። ነገር ግን ያ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው ብዙ አልነበረም፤ በጣቱ ይዞ ያቆመው ሰው በአእምሮው የቀረ ምስል ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ ያን ጊዜ ልቡ ለኢትዮጵያ ያዘነ ነበር፤ አሻንጉሊቱም ኢትዮጵያዊውን ከጣሊያኑ እኩል አቁሞ፣ ጠመንጃ አስይዞ አሳየው፤ ይህ ክብር አይደለም ወይ? ነው። ወራሪው «ልናሠለጥነው የመጣንለት ባርያ» እያለ በሚሰብክበት ዘመን ተዋጊ ሆኖ መታየት ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ርኅራኄው ለሚያዝንለት ሰው ስም አልሰጠውም፤ የአሻንጉሊቱ ሰልፍም ማይጨው ላይ ቆመ። የዓለም መንግሥታትም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው ሲናገሩ ከመስማት አላለፉም።

የዋግ ጦርነት ግን ማይጨው ላይ አላበቃም። ሰቆጣ ከማይጨው ውጊያ ቀደም ብላ መጋቢት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ብትወድቅም ተጋድሎው ቀጠለ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ወራሪውን ተዋጉ። አዲሱ ዓመት እንደገባ በውጊያ ወደቁ፤ ጣሊያኖችም የደጃዝማቹን ራስ ቆርጠው በሰቆጣና በኮረም አደባባይ ለሕዝብ አሳዩት። ሰውን ለማስፈራራት የተደረገው ይህ ነውር የአርበኝነቱን ብርታት ራሱ ይመሰክራል፤ የማይፈሩትን ሰው ራስ ማንም በአደባባይ አይሰቅልም። ይህን በየትኛውም የብሪቴንስ ሣጥን ውስጥ አታገኙትም።

ጦርነት የጎዳው አገር የፈረንጅ መጫወቻ ወታደር ምን ይሠራለታል የሚል ጥያቄ ከሰቆጣ ቢነሣ ተገቢ ነው። የሚሠራለት፣ አጠገቡ የጎደለው ከተጻፈ ብቻ ነው። በውጭ የምትኖሩና 1425 ቁጥርን በጨረታ የምታገኙ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ከሣጥኑ ጎን የደጃዝማች ኃይሉን ስምና 1930 ዓ.ም.ን ጻፉበት። ለአገር ልትመልሱት ካሰባችሁም ወደ ሰቆጣ ላኩት፤ በዚያ ያለው አንባቢ የጎደለውን ያውቀዋል።