የጡንቻ መርገብገብ

የጡንቻ መርገብገብ፣ በሕክምና ስሙ ፋሲኩሌሽን፣ አንድ የጡንቻ ክፍል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለቅጽበት ሲኮማተር የሚፈጠር ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ቆዳ ላይ ይታያል ወይም ከውስጥ ይሰማል፤ እጅን ወይም እግርን ግን ብዙ ጊዜ አያንቀሳቅስም። በብዛት የሚከሰተው በዓይን ቆብ፣ በባት፣ በጭን፣ በክንድና በአውራ ጣት ሥር ነው። በኢትዮጵያ የዓይን መርገብገብን የመልካም ወይም የመጥፎ ነገር ምልክት አድርገው የሚወስዱ ሰዎች አሉ። በሕክምና ረገድ መርገብገብ ብቻውን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ኤኤልኤስ ከተባለው ገዳይ የነርቭ በሽታ ምልክቶች አንዱ በመሆኑ፣ ብዙ ጤነኛ ሰዎችን ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ለከባድ ስጋት ይዳርጋል።

እንዴት ይፈጠራል

ጡንቻዎች የሚታዘዙት ከሕብለ ሰረሰር በሚነሱ የእንቅስቃሴ ነርቮች ነው። አንድ ነርቭ በጫፉ ተከፋፍሎ ብዙ የጡንቻ ክሮችን በአንድ ጊዜ ያዛል። ዓይንን በሚያዞሩ ጡንቻዎች ውስጥ አንድ ነርቭ የሚያዛቸው ክሮች 10 ገደማ ሲሆኑ፣ በባት ጡንቻ ውስጥ ግን ከ1,000 ሊበልጡ ይችላሉ። አንድ ነርቭ ከአንጎል ትዕዛዝ ሳይደርሰው በራሱ ኤሌክትሪካዊ መልእክት ሲለቅ፣ በሥሩ ያሉት ክሮች በሙሉ በአንድነት ይኮማተራሉ። መርገብገብ የሚባለው ይህ ነው።

መንስኤዎች

በጤነኛ ሰው ላይ መርገብገብን ከሚያስነሱት ወይም ከሚያባብሱት ነገሮች መካከል የአካል ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት እንዲሁም ብዙ ቡና መጠጣት ይገኛሉ። በደም ውስጥ የማግኒዝየም ወይም የካልሲየም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና በአከርካሪ አካባቢ የተጫነ ነርቭም መርገብገብ ሊያመጡ ይችላሉ።

ለብቻው መጠቀስ ያለበት መንስኤ የፀረ ተባይ መርዝ ነው። እህልን ከነቀዝ ለመከላከል የሚውለው ማላታዮንና በዚሁ ምድብ ያሉ ሌሎች ኬሚካሎች ወደ ሰውነት ሲገቡ ነርቮችን ያለ እረፍት ያሠራሉ። በዚህ ጊዜ መርገብገቡ ከላብ፣ ከእንባ፣ ከምራቅ መብዛትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር አብሮ ይመጣል። ይህ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው።

ከኤኤልኤስ ጋር ያለው ግንኙነት

አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስ፣ በአጭሩ ኤኤልኤስ፣ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉ የእንቅስቃሴ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዝርዝር የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዓመት ከ100,000 ሰዎች በበሽታው አዲስ የሚያዙት 2 ገደማ ናቸው። አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነው።

በኤኤልኤስ ጊዜ መርገብገብ የሚመጣው ነርቮቹ እየሞቱ ስለሆነ ጡንቻውም አብሮ ይደክማል፣ ይሰልላል። ስለዚህ ዋናው መለያ የመርገብገቡ ብዛት ሳይሆን የጉልበት ማጣት ነው። ታማሚው ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ እግሩ እየተጎተተ ይደናቀፋል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ምግብ መዋጥ ይቸግረዋል። በበሽታው የታወቁ ሁለት ሰዎች ታሪክም ይህን ያሳያል። አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ሉ ጌሪግ እ.ኤ.አ. በ1939 በሽታው ከመታወቁ በፊት በጨዋታ ላይ ጉልበቱ በግልጽ ቀንሶ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግም እ.ኤ.አ. በ1963 በ21 ዓመቱ ኤኤልኤስ እንዳለበት ሲነገረው፣ አስቀድሞ ያስተዋለው መደናቀፍና መውደቅ ነበር።

ድካም መሰማትና ጉልበት ማጣትም የተለያዩ ናቸው። እግሩ የዛለበት ሰው በጣቶቹ ጫፍ መቆም ይችላል፤ የባት ጡንቻው ጉልበት ያጣ ሰው ግን ቢፈልግም አይችልም። መደንዘዝና መንዘር ደግሞ የስሜት ነርቮች ምልክቶች ስለሆኑ የኤኤልኤስ ዋና መገለጫዎች አይደሉም።

ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ የሪድና የከርላንድ ጥናት 539 ጤነኛ የሕክምና ባለሙያዎችን ጠይቆ 70 በመቶ ያህሉ የጡንቻ መርገብገብ አጋጥሟቸው እንደሚያውቅ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ጉዳት የሌለው መርገብገብ እንዳለባቸው የተነገራቸውን 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ከቆየ በኋላ ሁኔታቸውን አጣሩ። ከእነዚህ መካከል በኤኤልኤስ የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም።

የሚያስከትለው ስጋት

ስጋቱ ራሱን በራሱ የሚመግብ ነው። ሰውየው መርገብገቡን ሲያስተውል ይጨነቃል፤ ጭንቀቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ መርገብገቡን ያበዙታል። ቀኑን ሙሉ ሰውነቱን ስለሚከታተል ቀድሞ ያላስተዋለውን ሁሉ ማስተዋል ይጀምራል። ጉልበቱን ለመፈተን ደጋግሞ ሲቆምና ሲቀመጥ ጡንቻው ይዝላል፤ መዛሉንም እንደ አዲስ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ይህ ዓይነቱ ስጋት ስለ በሽታዎች በሚማሩ የሕክምና ተማሪዎችና በሐኪሞች ዘንድም የታወቀ ነው።

ኢንተርኔትም የራሱ ድርሻ አለው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ራየን ዋይትና ኤሪክ ሆርቪትዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ራስ ምታትን፣ የደረት ሕመምንና የጡንቻ መርገብገብን በምሳሌነት ወስደው፣ ተራ ምልክትን የሚፈልግ ሰው እንዴት ወደ ከባድ በሽታዎች እንደሚመራ መርምረዋል። የፍለጋ ውጤት የሚደረደረው በሽታው በሰዎች ላይ በሚገኝበት መጠን አይደለም። ስለ ኤኤልኤስ ብዙ ይጻፋል፤ ዓይኑ ለሁለት ሳምንት ተርገብግቦ ስለተወው ሰው ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ስለሆነም ብርቅ የሆነው በሽታ ከተለመደው ምክንያት ቀድሞ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ምርመራና ሕክምና

በኢትዮጵያ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚሠሩት በአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያውን ምርመራ ግን ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ማድረግ ይችላል። ሐኪሙ የጡንቻዎችን ጉልበት ይፈትሻል፣ የሰለለ ቦታ መኖሩን ይመለከታል፣ ጉልበትንና ክርንን በትንሽ መዶሻ መታ እያደረገ ምላሹን ያያል። እንደ አስፈላጊነቱ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ጥርጣሬ ካለ የጡንቻን ኤሌክትሪካዊ ሥራ በቀጭን መርፌ የሚለካው ኢኤምጂ ይደረጋል።

ጉዳት የሌለው መርገብገብ የግድ መድኃኒት አያስፈልገውም። ቡና መቀነስ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛትና ሰውነትን ደጋግሞ መፈተሽ ማቆም ይረዳሉ። ስጋቱ ከሥራና ከትምህርት ካስተጓጎለ ራሱን የቻለ ችግር ስለሆነ፣ አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ይሰጠዋል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ከመርገብገቡ ጋር ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል፦

• ቀድሞ ይሠሩት የነበረን ነገር በእጅ ወይም በእግር መሥራት አለመቻል
• አንዱ እጅ ወይም እግር ከሌላው ይልቅ እየቀጠነ መሄድ
• የንግግር መተሳሰር ወይም ምግብና ውኃ ሲውጡ ትን ማለት
• ተኝተው ሳለ የትንፋሽ ማጠር
• በቤተሰብ ውስጥ በኤኤልኤስ የታመመ ሰው መኖር

ፀረ ተባይ ከነኩ፣ ከተነፈሱ ወይም ከዋጡ በኋላ የመጣ መርገብገብ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅለት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።