ነፃ ጋዝ የወለዳቸው ሞተሮች

የሞተር ታሪክ ሲተረክ ጀግናው ዘወትር ፈልሳፊው ነው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ይባላል። በነዳጅ ማውጫ ሜዳዎች ላይ የኖሩትን የጋዝ ሞተሮችና ኮምፕሬሰሮች በዚህ መንገድ መተረክ ግን ዋናውን ነገር ያስታል። እነዚህን ማሽኖች ግዙፍ፣ ቀርፋፋና ዕድሜ ጠገብ ያደረጋቸው፣ ከየትኛውም ንድፍ ይልቅ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለ ዋጋ ይገኝ የነበረው ጋዝ ነው።

ኤድዊን ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ታይተስቪል አጠገብ፣ 21 ሜትር ያህል ቆፍሮ ድፍድፍ ነዳጅ ካገኘ በኋላ አካባቢው በጉድጓድ ተሞላ። ከድፍድፉ ጋር የሚወጣውን ጋዝ የሚገዛም የሚያጓጉዝም ስላልነበረ ብዙው አየር ላይ ይለቀቅ ነበር። የጉድጓዱ ግፊት ሲደክም ደግሞ ድፍድፉን በፓምፕ መሳብ ግድ ይላል፤ ይህን ሥራ የያዘው የእንፋሎት ሞተር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሐኪሙ ኤድዊን ፊቲያንና ጆን ካሩዘርስ ሌላ መላ ይዘው መጡ፤ የእንፋሎት ሲሊንደሩን ነቅሎ፣ የቀረውን አካል እንዳለ ትቶ፣ በቦታው የጋዝ ሲሊንደር መግጠም። የእንፋሎት ሞተር ወደ ኋላም ይዞራል፤ የጋዙ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም። ዘንግና ቧንቧ ከጉድጓድ ለማውጣት ወደ ኋላ መዞሩ ስለሚያስፈልግ፣ ኋላ ቤሰመር የተባለው ድርጅታቸው ሥራውን የጀመረው ይህን በሚያስችል ፍሪሲዮን ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ካንዴላ እንኳ አልነበራቸውም። አንድ ጫፉ የተደፈነ ትንሽ ቱቦ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ይግላል፤ ፒስተኑ የሚያምቀው የጋዝና የአየር ድብልቅ ወደዚያ ሲገፋ ይቀጣጠላል።

የእንፋሎት ቦይለርም እኮ ያንኑ ነፃ ጋዝ ማንደድ ይችል ነበር፣ ሲያነድም ኖሯል፤ ታዲያ የጋዙ ነፃ መሆን ምን ለወጠ? የሚል ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ነዳጅ ዋጋ ሲያጣ ቁጠባው ወደ ሌላ ወጪ መዞሩ ነው። ቦይለር ውኃና ጠባቂ ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ቧንቧው በረዶ ይሠራል። በቀን አንድ በርሜል የሚሰጥ ጉድጓድ ደግሞ የጠባቂውን ደመወዝ አይሸፍንም። የጋዝ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ብቻውን ይሠራል፤ አንዱ ሞተር በጫካው ውስጥ በተዘረጉ ረጃጅም ዘንጎች ደርዘን ጉድጓድ ይስብ ነበር። ነዳጁን ይብላ እንጂ አይሰበር፤ ከባዱ ቮላኖና ቀርፋፋው ዙር ከዚህ ስሌት የመጡ ናቸው።

ጋዝ አምቆ የሚገፋው ኮምፕሬሰር ነው ይህን ስሌት ያፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከኢንዲያና እስከ ቺካጎ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ተዘረጋ፤ የመሬቱ ግፊት ሲቀንስ ግን ጋዙን የሚገፋው ያስፈልጋል። ጋዝ ሲታመቅ ይግላል፤ ስለዚህ በየደረጃው እያመቁና እያቀዘቀዙ መሄድ የግድ ነው፤ በዚሁ ሂደት ቀላል ቤንዚን ጠብ ይላል፣ መኪና በበዛበት ዘመን ይህ ራሱ ገበያ ነበረው። መሐንዲሶቹ የሞተሩንና የኮምፕሬሰሩን ፒስተኖች በአንድ ክራንክሻፍት ላይ አሰሩ፤ ማሽኑ ከሚገፋው ጋዝ ጥቂቱን እያነደደ ይሠራል። ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1929 ከኦሃዮው ኩፐር ጋር ተዋሕዶ ኩፐር-ቤሰመር ሆነ፤ በ1938 ያወጣው ጂ.ኤም.ቪ. የተባለ ማሽን የኃይል ሲሊንደሮቹ እንደ «ቪ» ፊደል ቆመው፣ የኮምፕሬሰሮቹ በጎን የተጋደሙበት ነበር። ለእኔ የዘርፉ ምርጥ ሥራ እሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ከቴክሳስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ነዳጅ ያጓጉዙ የነበሩት ቢግ ኢንችና ሊትል ቢግ ኢንች ቧንቧዎች ለጋዝ ተዛወሩ፤ ትናንት የሚጣለው ጋዝ ሩቅ ከተማ ድረስ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ።

እንግዲያው የጋዙ ነፃ መሆን ካበቃ፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች ጋዝ ተርባይንና ፈጣን ሞተር ሲመጡ ለምን ወዲያው አልጠፉም? ዋጋቸው የተከፈለ፣ ጥገናቸው የታወቀ ነበርና። ብዙዎቹ ቱርቦቻርጀርና የተሻለ ማቀጣጠያ ተገጥሞላቸው ቀጠሉ። ዕዳው ከጭስ ማውጫው በኩል ነው የመጣው፤ ከእነዚህ ማሽኖች ባለ ሁለት ምት የሆነው ሲሊንደሩን ሲያጥብ ካልተቃጠለው ጋዝ የተወሰነው ያመልጣል፣ ያ ጋዝ ደግሞ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሙቀት አምቆ በመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበልጣል። ዛሬ የጋዝ ኩባንያዎች አሮጌውን ሞተር ያድሱ ወይስ በኤሌክትሪክ ይተኩ ሲሉ፣ ከመለዋወጫው ዋጋ ጎን ይህንንም መደመር ይዘዋል።