ዳሎል በክረምት ለምን አይኬድም?

ፈተና ሲያልቅ «እረፍቱን ዳሎልን አይተን እንምጣ» የምንል አንጠፋም። ነገር ግን ጎንደር ላይ ዝናቡና ብርዱ ሲበረታ፣ የአፋሩ ደናክል በዓመቱ ከባድ ሙቀት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብዙ አስጎብኚዎች ጉዞውን የሚያቆሙትም ለዚህ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳሎል ግን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት፣ ሌሊቱም ጭምር ተቆጥሮ፣ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በሰኔ ቀኑ ከ45 ያልፋል።

የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ሙቀት ከእኛ ወደ አየሩ መውጣቱ ቀርቶ ከአየሩ ወደ እኛ ይገባል። ያኔ የሚያቀዘቅዘን የላብ መትነን ብቻ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃና ጨው ይጨርሳል። መኪና ቢበላሽ ጥላም፣ ውሃም፣ ሐኪምም በቅርብ የለም።

የቅርባችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በክረምት ጉም ገደሉን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ያንሸራትታል።

ስለዚህ ዋጋ ቀንሶ «እኔ እወስዳችኋለሁ» የሚል ቢመጣ እንኳ ዳሎልን ለኅዳርና ለታኅሣሥ እናቆየው። ሰበብ ሳያደርሱ «በአላህ ተመክቻለሁ» ማለት ተወኩል አይደለም።